«አዎ፣ እደግማለሁ»

ወሬው መጀመሪያ ጆሮዬ የገባው ምንጭ ላይ ነው። በረዶው በወረደ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጀሪካኔን ሞልቼ ክዳኑን ሳጠብቅ አንዲት አብሮ አደጌ ጠጋ ብላ፣ «ሰምተሻል ግን?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ደጋሚ ናት እያሉሽ ነው።»

እንግዲህ ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዳዊት ከጨረስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሴት ልጅ ዳዊት ደገመች መባል በመንደራችን አዲስ ነገር ስለነበር ሰው እንዲያውቅልኝ በልቤ እመኝ ነበር። ትዕቢት ነው፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ያን ጊዜ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ፣ «አዎ፣ እደግማለሁ። ታዲያ ምን አለበት?» አልኳት።

ምንጩ ላይ አምስት ስድስት ሴቶች ነበሩ።  አንዲት ትልቅ ሴት እንስራቸውን የሚያሸክማቸው ሰው እንኳ ሳይጠብቁ ታግለው አዝለው ሄዱ። አብሮ አደጌ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ምን ነካሽ አንቺ? በረዶውን ከራሷ ማሳ መልሳ ሰው እህል ላይ ጣለችው ነው እኮ የሚሉሽ!»

ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ይህች አንዲት ቃል ሁለት መንገድ ትሄዳለች። ዳዊት የሚደግም ሰው ጸሎተኛ ነው፤ እሰየው ይባልለታል። ዳዊት የሚለው ቀርቶ ደጋሚ ብቻ ከተባለ ግን አስማተኛ ነው፤ በሰው ላይ የሚደግም፣ ላም የሚያደርቅ፣ በረዶ የሚመልስ። እኔ ስለ መጀመሪያው የተጠየቅሁ መስሎኝ ሁለተኛውን አመንኩ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አገሩ ሁሉ «በገዛ አፏ አመነች» ይል ጀመር።

በረዶው የወረደው በመስከረም መጨረሻ ነው። ገብሱ እሸት ሆኖ፣ ሊጠና ጥቂት ቀን ሲቀረው። ቀትር ላይ ከበላያችን ባለው በጓሳው ሜዳ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ባቄላ የሚያህል ይወርድ ጀመር። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሲያባራ ወጥተን ብናይ፣ በረዶው ከላይ ወደ ታች እንደ መንገድ ያለ ጠርጎ አልፏል። ከዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው እህል ቆሟል፤ መንገዱ ውስጥ ያለው ግን ከመሬት ተለጥፏል። የጎረቤታችን ማሳ መንገዱ ውስጥ ነበር፤ የእናቴ ከመንገዱ ውጪ። የሁለቱ ማሳ ድንበር አንድ እርምጃ እንኳ አይሞላም። በዚህ በኩል ቆሞ የሚወዛወዝ ገብስ፣ በዚያ በኩል ጭቃ። እኔ ራሴ ሳየው ደነገጥኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከመደሰቴ በፊት ደነገጥኩ።

ጎረቤታችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። አባቴ በሞተ ዓመት ማሳችንን ያረሱልን እሳቸው ናቸው። አምስት ልጆች አሏቸው፤ ያን ዓመት ያላቸው እህል ያ ብቻ ነበር። ሰው ልጆቹን የሚያበላው ሲያጣ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። በየጠዋቱ ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሱን እንዳይነቅለው የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ጭላዳ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ዳዊቴን ከማኅደሩ አውጥቼ የዕለቱን እደግማለሁ። ከሩቅ ላየኝ ሰው፣ አንዲት ልጅ ድንበር ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፍ ገልጣ፣ ማንም የማይሰማውን ነገር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትላለች። ክረምቱን ሙሉ ያዩኝ ነገር፣ በረዶው ሲወርድ ትርጉም አገኘ።

ዳዊቱ የአባቴ ነው። አባቴ ቄስ አልነበረም፤ ዲቁና ጀምሮ የተወ ገበሬ ነበር፤ ግን ዳዊት ሳይደግም ሞፈር አይጨብጥም። እሱ ሲሞት ቤታችን ጠዋት ጠዋት ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው ወደ የኔታ የወሰደኝ። የኔታ የደብራችን የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር፣ ከመርሐቤቴ በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያስተምሩም እጃቸው ሥራ አይፈታም፣ የመጽሐፍ ማኅደር ከቆዳ ይሰፋሉ። ወንዶቹ ተምረው ሲበተኑ እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ፊደሉን ጀመርኩ። ወንዶቹ «ቄሲት መጣች፣ መስቀል አሳልሚን!» እያሉ ያልፉ ነበር። አንዷን ቀን «ኑ ጎንበስ በሉ» ብዬ በዳዊቱ ማኅደር የአንዱን ራስ አሳልሜዋለሁ፤ ኃይለኛ ነበርኩ። በሦስት ዓመት ንባቡን ጨረስኩ። ትርጓሜውን አልተማርኩም፤ ግእዙን እንደተጻፈ አንብቤ እግዚአብሔር ይሰማዋል ብዬ ነበር የምነሣው።

ከምንጩ ወሬ በኋላ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ሄደ። ወንፊት የሚዋሱን ሴቶች መምጣት ተዉ። ከራቤል በኩል ለጋብቻ ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሰዎች ዘመሮ ገበያ ላይ እናቴን አግኝተው «ልጃችን ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ» አሏት። የልጁ አጎት ግን እናቴ የማትሰማው መስሎት፣ «በረዶ የምትመልስ ሴት ባሏን ምን ታደርገዋለች?» ብሎ ሲያስቅ ሰማችው። ጎረቤታችን ቀበሌ ድረስ ሄደው ከሰሱኝ። ሊቀመንበሩ፣ «ጋሼ፣ ዳዊት በመድገም በየትኛው መመሪያ ነው የምቀጣት? ሃይማኖት የግል ነው ተብለናል» ብሎ መለሳቸው። ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ዞረ። የደብራችን የወሩ በዓል ቅዳሜ ላይ ይውል ነበርና፣ በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ባለበት እንድቀርብ ተባለ። የተጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ ዳዊቱን ለቤተ ክርስቲያን ማስረከብና ዳግመኛ ላልደግም መማል። እምቢ ካልኩ እናቴ ከእድር ትወጣለች፣ ወንፈልም የሚገባላት አይኖርም። ባል የሌላት ሴት ያለ ወንፈል ገብሷን እንዴት ታጭዳለች? የተረፈው ገብስ ቆሞ ይረግፋል ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የእናቴ ነው።

«ለአንድ ዓመት ብቻ ተይው» አለችኝ። «ሰው ይርሳው። ከዚያ ትቀጥያለሽ።»

«አባዬ ቢሆን ይተወው ነበር፣ እማ?»

«አባትሽ ወንድ ነው። ወንድ ሲደግም ጸሎት ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አገሩ ነው ያለው።»

«አገሩ ተሳስቷል።»

«አገሩ ቢሳሳትም የሚቀብረኝ አገሩ ነው!»

በማግስቱ ዳዊቱ ከተሰቀለበት የለም። አልጠየቅኋትም። በቃሌ የያዝኩት ትንሽ ስለነበር ድንበሩ ላይ ሄጄ እሱኑ ደገምኩ፤ ቀጣዩ ሲጠፋኝ መልሼ ከመጀመሪያው። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ማሳው ድረስ ወረደች። ዳዊቱን ከነጠላዋ ሥር አወጣችው። ማኅደሩ ላይ የገብስ ብናኝ ነበረበት፤ ከጎታው ውስጥ ቀብራው ኖሯል። በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችና፣ «እንኪ። አንዱን ሦስት ጊዜ ከምትይው ደኅናውን በይ» ብላኝ ዞራ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ተይው ብላኝ አታውቅም።

የኔታ ዘንድ ሄድኩ።

«የኔታ፣ ደጋሚ አሉኝ።»

«ሰማሁ። አመንሽም አሉ» ብለው ሳቁ።

«ይሥቁብኛል እንዴ!»

«አልሣቅሁብሽም። እኔን ቆዳ ስለምሰፋ ጅብ ይሆናል ብለውኝ የለ? ጅብ ብሆን ጥርሴ እንዲህ ይረግፍ ነበር?»

«ቅዳሜ ይመጡልኛል?»

መርፌያቸውን ከቆዳው ነቀሉ። «እኔ ብቆምልሽ ከሱ ነው የተማረችው ይሉና ይብስብሻል። ብቻሽን ቁሚ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የተጻፈውን። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።» ንባብ ሲያስተምሩኝ በየቀኑ የሚሉኝ ይህንኑ ነበር፤ ሌላ ምክር ጠብቄ ነበርና ቅር እያለኝ ወጣሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ ወዲህ ባለው ሜዳ ተቀመጠ፤ ወንዶቹ በርኖሳቸውን ደርበው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። እኔ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። የንስሐ አባታችንም ከጎናቸው ነበሩ።

ዋናው ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ በምንጩ ላይ ያልሽውን ታምኛለሽ?» አሉኝ።

«ዳዊት መድገሜን አምናለሁ። በረዶ መመለሴን አላምንም።»

«እንግዲያው ማይልን።»

«አልምልም፣ አባቴ። የምታምኑኝ ከሆነ ያለ መሐላም ታምኑኛላችሁ። የማታምኑኝ ከሆነ በመሐላዬስ መቼ ታምኑኛላችሁ?»

«እንዴት ያለች ምላሳም ናት!» አለ አንዱ። ተሣቀ። ሣቃቸው ትንሽ ደገፈኝ፣ እውነቴን ነው።

«መጽሐፉንስ ታስረክቢያለሽ?»

«አላስረክብም። ብትወስዱብኝም በቃሌ የያዝኩት አለ፤ እሱን እደግማለሁ። እናቴን ከእድር ብታወጧት እሷን ነው የምትበድሉ፤ እኔ ግን የምተወው ነገር አይደለም።»

ጎረቤታችን ተነሡ። አልጮኹም። «እኔ ልጅቱን አልጠላኋትም» አሉ። «ግን ንገሩኝ። አንድ እርምጃ ነው ድንበሩ። አንድ እርምጃ! እንዴት የኔን ብቻ?»

 ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሊፈርዱብኝ እንደሆነ ከፊታቸው አወቅሁ። ያኔ ነው ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ አንድ ድምፅ የወጣው።

«እስቲ የዛሬውን ታንብብልን! ምን እንደምትል እኮ የሰማ ሰው የለም!»

«ዝም በይ አንቺ!» አላት አንድ ወንድ።

«ዝም አልልም! ብንሰማ ምን እንሆናለን?»

ለሽማግሌዎች ጀርባ መስጠት ነውር ነውና አልዞርኩም። ዋናው ሽማግሌ የንስሐ አባታችንን አዩአቸው፤ አባም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታንብብ። እኔ እየተከተልኩ ባማርኛ እነግራችኋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው ታንብብ» አሉ ጎረቤታችን። «ጉዱ መሀል ላይ ሊሆን ይችላል።»

ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ ሰው ደስ ያለውን አይመርጥም፣ የዕለቱን ነው የሚለው። የቅዳሜውን ገለጥኩ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ድምፄ እየተቆራረጠ አነበብኩ፤ አባ ይተረጉማሉ። የዳዊትን የዋህነት አስብ የሚል ጸሎት ነው፤ ከዚያ ወንድማማቾች አብረው ስለ መቀመጣቸው የሚያመሰግን። አሮጊቶቹ «እሰይ» ማለት ጀመሩ። አንዳንዱ ወንድ በርኖሱን አንጥፎ ተመቻቸ። ፀሐይዋ ዞረች። እየቆየሁ ስሄድ ድምፄ ተመለሰልኝ፤ ደስ ደስ እያለኝ ገጹን ስገልጥ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ ያለውን መስመር ዓይኔ አየው።

ትርጓሜ አልተማርኩም ብያችኋለሁ። ግን አንዳንድ ግእዝ ያለ ትርጓሜም ይሰማል። እዚያ መስመር ላይ «በረድ» የሚል ቃል አለ። ክረምቱን ሙሉ በየቅዳሜው ብዬዋለሁ፤ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ያን ዕለት ግን ቃሉ ከብራናው ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። አምስት መስመር ቀርቷል። አራት። ብዘለው ማን ያውቃል? አባ ዓይናቸው ደክሟል፣ መጽሐፉን አያዩም፤ የሚተረጉሙት ከእኔ አፍ እየሰሙ ነው። እኔ ካልዘለልኩት ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ በረዶ ስጠራ በጆሮው ሊሰማኝ ነው። የእናቴ እድር፣ ገብሳችን፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ብዘለው ግን የከሰሱኝ ነገር እውነት ይሆናል አልኩ በልቤ። የሚደበቅ ነገር ያላት ሴት እሆናለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። በረድ።

«አለች!» ብሎ አንዱ ብድግ አለ። «በረዶ አለች! ሰማችሁ?» ሜዳው ታወከ። ሴቶቹ አማተቡ። እናቴን ለማየት አልደፈርኩም።

አባ እጃቸውን አነሡ። «ተቀመጡ! ንባቡን እንጂ ትርጓሜውን መች ሰማችሁ? በረዶን የሚያወርደው እግዚአብሔር ነው ይላል። የሚያቀልጠውም እሱ ነው ይላል። የሰው እጅ አለበት አይልም።» ከዚያ ጨመሩ። «ይቺን ቃል እኔም በየቅዳሜው እላታለሁ። ከርሷ በፊት አርባ ዓመት ብያታለሁ። ከሳሽ ካለ እኔንም ይክሰሰኝ።»

ከወንዶቹ መሀል አንዱ «አባን ከሰን ማን ይፍታን!» ሲል ሣቁ ሜዳውን ሞላው።

ጎረቤታችን ብቻ አልሣቁም። «እና የኔን ገብስ ያጠፋው እሱ ነው?» አሉ።

 ብዙ ካህን ሰምቻለሁ ከዚያ ወዲህ፤ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የሚሞላለት ብዙ ነው። አባ ግን «አላውቅም፣ ወንድሜ» አሉ። «ልጅቱ እንዳላጠፋችው ግን አውቃለሁ።» ጎረቤታችን በርኖሳቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ተቀመጡ። ከበርኖሱ ሥር፣ «ተዉአት እንግዲህ» አሉ።

«ጨርሺ» አሉኝ አባ። የቀረውን ጨረስኩ። 

ገብሳችን ሲደርስ ጎረቤታችን ማጭዳቸውን ይዘው ማንም ሳይጠራቸው ወንፈል ገቡልን። እናቴ ከነዶው ተካፍለው እንዲወስዱ ስትለምናቸው እሺ ለማለት ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላም ደጋሚ የሚለኝ አልጠፋም፤ ከራቤል የመጡትም ሰዎች አልተመለሱም። በጊዜው አልቅሻለሁ፤ አሁን ሳስበው ያ በር መዘጋቱ ደግ ነበር።

የኔታን በማግስቱ ሳገኛቸው፣ «ስንት ስሕተት አነበብሽ?» አሉኝ።

«ሁለት ይመስለኛል።»

«ሦስት ነው። ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሁለት ቦታ ላይ ድምፁ የሚነሣውን ቃል ጣልሽው፣ አንዱን ደግሞ ዋጥሽው። በረዱን ግን ደኅና አድርገሽ አልሽው።»

ዛሬ የምኖርበት አገር ሩቅ ነው። ባለቤቴ ለማስተማር ተመድቦ መጣና እዚሁ ቀረን፤ ቡና የሚበቅልበት፣ ብርዱ የማይታወቅ አገር ነው። እዚህም ጠዋት ጠዋት የሚያሾፍብኝ ጎረቤት አላጣሁም፤ «አንቺ ሴት፣ እግዚአብሔር እንቅልፍ የለውም እንዴ?» ይለኛል አንዱ። «የለውም፣ አንተም ስለዚህ ነው በሰላም የምታድረው» እለዋለሁ። በወለድኩ ጊዜ፣ በታመምኩ ጊዜ፣ እናቴን ሳልቀብር በቀረሁበት ሳምንት፣ አንድም ቀን የዕለቱን ሳልል አልዋልኩም። ይህን የምለው በራሴ ጉልበት አይደለም። አንድ ጊዜ ሕዝብ ፊት ጮክ ብላችሁ ያላችሁትን ነገር፣ ብቻችሁን ስትሆኑ መተው ያሳፍራል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶብኛል። ያን ቀን ከኋላ የጮኸችውን ሴት አላወቅኋትም። ጨርሼ ስዞር ሁሉም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አጣፍተው ነበር። እናቴን ጠየቅኋት፣ «ከበስተግራዬ ነው የመጣው» ከማለት በቀር አላወቀችም። አባ የተረጎሙት፣ እኔም ያነበብኩት፣ እሷ ስለጮኸች ነው። ጠዋት ጠዋት በጸሎቴ የማስባቸውን ሰዎች በየክርስትና ስማቸው እጠራለሁ፤ እሷ ዘንድ ስደርስ ግን «ያቺ ከኋላ የተናገረችው» ብቻ እላለሁ። እግዚአብሔር እንደሚያውቃት አውቃለሁ። እኔ ግን ስሟን ልጥራ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ በደብራችን ሜዳ ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ አጠገባችሁ ማን እንደነበረች አስታውሱልኝ። ዝም በይ ያላት ሰውም በሕይወት ካለ፣ ለማን እንዳለው ሳያፍር ይንገረኝ፤ ቂም የለኝም። በሕይወት ካለች የክርስትና ስሟን፣ ካረፈችም ስሟን ከነዕረፍቷ ቀን ላኩልኝ።